«እኔ» ማነው?

የውኃ ቢሮውን ገጽ የምጽፈው እኔ ነኝ፤
ቁልፉ በእጄ ነው፣ ስም ግን የለኝ።
ጠዋት ፈረንጅ አራዳ ከባጃጅ ስወርድ ረውዳ እባላለሁ፣
ወንበሬ ላይ ስቀመጥ «እኛ» እሆናለሁ።

እኛ ስንጽፍ ማንም ምንም አያደርግም፤
ይደረጋል እንጂ።
ቧንቧ አይፈነዳም፤ «ብልሽት ያጋጥማል»፣
ሰው አይጠማም፤ «ፍላጎት ይጨምራል»፣
የዘገየ የለም፤ «በሂደት ላይ ይገኛል»፣
ያጠፋ የለም፤ «ክፍተት ይስተዋላል»።

አቶ ተማም፣ ኃላፊዬ፣ «ይቅርታ»ን ካየ ይሰርዛል።
«ይቅርታ ማለት ጥፋት ማመን ነው፤
‹ለተፈጠረው መጉላላት› በይ፣ እሱ ይበቃል።»
ክፉ ሰው አይደለም።
አምና በአንድ ቃል የተነሳ
ሦስት ቀን ሙሉ ከበላይ ፊት ቆሞ ሲያስረዳ ከርሟል።

በሐምሌ አዌቱ ሞልቶ ሲያጓራ፣
ወደ ቆጪ የሚወርደው ትልቁ መሥመር ፈነዳ።
ሰማዩ እየፈሰሰ ቧንቧው ደረቀ።
ከቆርቆሮ የሚወርደውን፣ ዝገት የቀላቀለውን፣
በሳፋ ተቀበልን፤ የልጆች ሆድ ታወከ።
ሰባት ቀን። ዘጠኝ ቀን።

ዘቢባ፣ ግድግዳ የምጋራት ጎረቤቴ፣
(ሒሳብ ክፍል ነኝ ብያታለሁ)
የጻፍኩትን ለእኔው አነበበችልኝ፣ ስልኳን አስጠግታ፦
«‹ክቡራን ደንበኞቻችን፣ በትዕግሥት እንድትጠባበቁን...›
እስቲ አሁን ይሄን የጻፈው ሰው
ፊቱን የሚታጠበው በምንድን ነው? በትዕግሥት?»
ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ ሳቅኩ ከእሷ ጋር፤
ጀሪካኔ ከጀሪካኗ ጎን ባዶውን ተደርድሮ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ሌሊት ልጄ ኢምራን
«ውኃ» ብሎ ነቃ።
ከጠርሙሱ ሥር የቀረችውን ሰጠሁት፤
እሱ ተኛ፣ እኔ ነቅቼ ቀረሁ።
መብራት የለም። ስልኬን አነሳሁ፤
የራሴ ገጽ መስሎኝ፣ በጨለማ ጻፍኩ፦
«እኔም ቤት የለም። አሥራ አንድ ቀኔ ነው። ይቅርታ።»

ሲነጋ ጅማ አነበበችኝ።
አንዱ «ተጠልፈዋል» አለ፣
አንዱ «ጠጥተዋል»፣
ሌላው «ከየት አምጥተው ይጠጣሉ?» አለ።

አቶ ተማም አልጮኸም። በሩን ዘጋ፣
ስልኩን ወደ እኔ አዞረ፣
ጣቱን በአንዲት ቃል ላይ አኖረ፦
«እኔ ማነው?»
ዝም አልኩ።
«ረውዳ፣ ቢሮ ቤት የለውም። ቢሮ አይጠማውም።
‹እኔ› የሚል ማኅተም አላስቀረጽንም።»

አጠፋሁት። ማስተካከያውንም የጻፍኩት እኔው ነኝ፦
«ዛሬ ሌሊት በገጻችን የወጣው ጽሑፍ
የተቋሙን አቋም የማይወክል መሆኑን እንገልጻለን።»
ራሴን በራሴ እጅ፣ በብዙ ቁጥር ካድኩ።

ወደ ማታ በውስጥ መሥመር አንድ መልእክት መጣ፤
ከሊፋ ይላል ስሙ፣ ፎቶው ሞተር ሳይክል፦
«ያ ‹እኔ› ያለው ሰው ውኃ አገኘ ወይ?»

«አላገኘሁም» አልኩ፤ ሰረዝኩት።
«አላገኘንም» አልኩ፤ ይሄ ውሸት ነው፣
አቶ ተማም ግቢ ታንከር አለ።
«አልተገኘም» ስል እጄ ቀለለ፣
እንዲያ መቅለሉ ነው ያስፈራኝ።
ሳልመልስለት አደርኩ።

በአሥራ ሦስተኛው ሌሊት ቧንቧው እንደ ሽማግሌ ሳለ፣
አየር ተፋ፣ ዝገት ተፋ፣
ዘቢባ በሬን በጡጫ መታች፦
«ረውዳ! መጣ! ተነሺ!»
መግለጫው ይኸው ነበር፣ ያለ ቁጥር፣ ያለ ቀን።
ሦስት ጀሪካን ሞላሁ፣ ሁለት ባልዲ፣ ድስት፣
የኢምራንን ኮዳ ከነክዳኑ።

ጠዋት «ሥርጭቱ ወደ ነበረበት ተመልሷል» ብለን ለጠፍን።
የቀሚሴ ጫፍ ገና እርጥብ ነበር።
ከዚያ ወደ ከሊፋ ወረድኩ፤
በቢሮው ስም፣ በቢሮው አርማ ሥር፣
አንድ ቃል፦
«አገኘሁ።»
ላክሁና ስልኩን በግንባሩ ደፋሁት።